አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ

«ድምፄን ልወስድ ነው የመጣሁ» አሉኝ ሴትዮዋ።

ዝናብ ያረጠበውን ሻሻቸውን ሳያወልቁ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመዋል። ወንበር አሳየኋቸው፤ አልተቀመጡም።

«እማማ፣ ድምፅ የሚሰጠው በምርጫው ዕለት ነው» አልኳቸው። «እስከዚያ ማንም አይወስድብዎትም። ለእኛ እጩ ቃል ገብተው ከነበረም ሐሳብዎን መቀየር ይችላሉ። መብትዎ ነው።»

ይህን በየቀኑ ስለምናገረው ሳላስበው ነው የሚወጣው። ሴትዮዋ እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቁኝ።

«እሱንማ ውሰዱት፤ ምን ይሠራልኛል» አሉና ሁለት ጣታቸውን ጉሮሯቸው ላይ አሳረፉ። «እኔ የምለው ይኼን ነው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። በሩን ዘግቼ እንዲቀመጡ ለመንኳቸው።

ሰዓዳ ይማም ይባላሉ፤ የዳውዶ ሰፈር ቅሬ ጠሪ ናቸው። ቅሬ በሌላ አገር እድር የሚሉት ነው። በደሴ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ሰው ሲያርፍ የቅሬውን የስልክ መስመር ከፍቶ ለእያንዳንዱ ቤት የሚናገረው ጠሪው ነው። እትዬ ሰዓዳ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሠሩት ይህን ነው። ድምፃቸው ወፍራምና ትንሽ የሻከረ ነው። አንዴ የሰማው ሰው አይረሳውም። የተፈለገውም ለዚሁ ነበር።

እጩዎች በራሳቸው ድምፅ መናገር ካቆሙ ቆይተዋል። የእጩ ድምፅ ሲሰማ ሰው ስልኩን ይዘጋል፤ የሚያውቀው ድምፅ ሲሆን ግን ጆሮውን ይሰጣል። ስለዚህ በየምርጫው ዋዜማ የፓርቲ ልጆች በየሰፈሩ እየዞሩ የታወቁ ድምፆችን ይሰበስባሉ፤ የአዋላጇን፣ የታክሲ ተራ አስከባሪውን፣ የባለሱቁን፣ ሰፈሩ የሚያከብረውን ሽማግሌ። ሰጪው ማለት ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ድምፄን ለእጩው ሰጥቻለሁ። ይህን ካለ በኋላ ሳቁም ሳሉም አብሮ ይሄዳል።

ሕጉ የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። «አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ» የሚለውን የድሮ መርሕ አንድ የምርጫ ችሎት ተርጉሞታል። ድምፁ በእጩው እጅ ሳለ ባለቤቱ በመስመር ላይ ቢናገር ወይም በአደባባይ ቢጣራ ሁለተኛ ድምፅ ይሆናል። ስለዚህ ውጤቱ እስኪገለጽ ድረስ የባለቤቱን ድምፅ ስልክ አይቀበለውም፤ የባንክም፣ የጤና ጣቢያም፣ የታክሲም በር አይከፈትለትም። በምርጫ ወራት ፒያሳ ላይ የቆመ ሰው አላፊውን «እባክህ በር አናግርልኝ» ሲል መስማት የተለመደ ነው። አላፊው ጠጋ ይልና ለበሩ አንድ ቃል ተናግሮለት መንገዱን ይቀጥላል። ደጋፊዎች ይህን እንደ ጾም ነው የሚያዩት። ያልፋል ይላሉ።

«ልጆቹ መጡ» አሉኝ እትዬ ሰዓዳ። «ድምፅዎን ይስጡን አሉኝ። ደጅ ለመጣ ሰው እምቢ አይባልም። ደግሞ የእጩውን፣ የደርብን አባት አውቃቸዋለሁ፤ ቀብራቸውንም የጠራሁ እኔ ነኝ። እሺ አልኩ። እሺ አይበቃም፣ ድምፄን ሰጥቻለሁ ይበሉ አሉኝ። አልኩ። ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ የምንከተው ጊዜ ሲደርስ ለደርብ ልከትለት ነበር ያሰብኩት። ማታውን ስልኩን ባነሳው ዝም አለኝ። እንደ ድንጋይ።»

«ሌላ ሰው ለጊዜው ቢጠራስ?»

«መስመሩ የሚከፈት በጠሪው ድምፅ ነው። ሌላ ጠሪ ለመሾም ቅሬው መሰብሰብ አለበት። ቅሬውን የሚሰበስበው ማን ነው?»

«ጠሪው» አልኩ።

«አየሽ፣ ተማርሽ» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ወዲያው ፈገግታው ጠፋ። «እህቴ ዘሃራ ታማብኛለች። ሐኪሞቹ ወደ ቤትሽ ውሰጃት ብለውኛል። ይኼ ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። የእኛ ቀብር ዘመድ እስኪሰበሰብ አይቆይም። ጧት ካረፈች ለዐስር ሰላት አፈር ትለብሳለች። የስንቱን ሰው እህት ጠርቼ አስቀብሬያለሁ። የኔን ማን ይጠራልኛል? በጽሑፍ ብልክ ዛሬ ጽሑፍ የሚያምን የለ።»

የማደርገውን እንደማሳውቃቸው ነገርኳቸው። «አላህ ያሳድግሽ» ብለውኝ ወጡ። የታችኛው በር ላይ ቆመው ሰው ሲጠብቁ በመስኮት አየኋቸው። ጥበቃው በር አናገረላቸው።

* * *

አቶ ኅሩይ የሕግ ክፍላችን ኃላፊ ናቸው። ብዙ ምርጫ አሳልፈዋል፤ ከእጩዎቻቸውም የሚበልጡት ያሸነፉ ናቸው። መሳቢያቸው ውስጥ ሁልጊዜ ቆሎ አለ። ስገባ አንድ እፍኝ ዘረጉልኝ።

«ስሕተት አለ» አልኳቸው። «ሴትዮዋ ሊሰጡ ያሰቡት ሌላ፣ የተወሰደባቸው ሌላ ነው። ስምምነቱ ፈራሽ ነው።»

«ምን ብለው ነው የሰጡት?»

«ድምፄን ሰጥቻለሁ ብለው።»

«ታዲያ ሰጥተዋላ።»

«ጋሼ፣ የምርጫውን ድምፅ እኮ ነው ያሰቡት።»

«ማሰብ መስመር ላይ አይቀረጽም» አሉና ቆሏቸውን ቆረጠሙ። «ስሚ ትርሲት። ይህንኑ ቃል ያለው ሰው ስንት ይመስልሻል? የአንዷን ስሕተት ነው ብለን ካመንን፣ ነገ ሁሉም ጉሮሮውን ይዞ በራችን ላይ ይሰለፋል። ከዚያ እጩው በምን ይናገር? በራሱ ድምፅ?»

ሳቁ። እኔም ትንሽ ሳቅሁ፤ በቢሮው የታወቀ ቀልድ ነው። አቶ ደርብ ካሳዬ ሲናገሩ ሰምቶ የሚያውቅ ከእኛ መካከል እንኳ ጥቂት ነው።

«እህታቸው ሊሞቱ ነው» አልኩ።

አቶ ኅሩይ መቆርጠማቸውን አቆሙ። ክፉ ሰው አይደሉም። በመስኮቱ ጉም የለበሰውን የጦሳ ተራራ ትንሽ ተመለከቱ።

«እንግዲያው እንርዳቸዋ» አሉ። «ድምፁ እኛ ጋ አይደል? ቀኑ ሲደርስ ራሱ ድምፁ ቅሬውን ይጥራላቸው። ለእያንዳንዱ ቤት። ሕጉ የሚጠይቀው ከእኛ የሚወጣ ጥሪ ሁሉ የእጩውን ስም እንዲጠራ ብቻ ነው፤ መጨረሻው ላይ አንድ መስመር ይጨመራል። አዘጋጂና አሰሚያቸው።»

የሰጡኝን ቆሎ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንቺ የማን ጠበቃ ነሽ?»

«የእጩው።»

«እንኳንም አልረሳሽው።»

* * *

በዚያው ቀን ከሥራ ወጥቼ ቁልቁለቱን ስወርድ ስልኬ ጠራ።

«ትርሲትዬ፣ እንደምን ዋልሽ? ሰዓዳ ነኝ፣ የዳውዶዋ።»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ ደህና ነዎት?» አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የነቃሁት፤ የደወለው ለእጩው የተሰጠው ድምፅ ነው። እኔም የደሴ መራጭ ነኝ፤ እንደማንኛውም ሰው ይደወልልኛል።

«ብርዱ እንዴት አደረገሽ ልጄ? ሹራብ ደርበሻል?»

ቢሮዬ ከገቡት ሴትዮ ድምፅ የጠራ ነበር። ድካም የለበትም። ለመዝጋት ጣቴን አንስቼ ተውኩት።

«እህትዎ ዘሃራ እንዴት ናቸው?» አልኩት።

በዚያው ለዛ መለሰልኝ።

«ሁሉም ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። እኔ የምልሽ፣ ደርብ ስለ መንገዱ ያለውን ሰማሽ?»

ስለ መንገዱ ነገረኝ። ሥራዬ እንዲህ ያሉ ጥሪዎችን እየሰማሁ ጥፋት መለየት ነው። ድምፁ ባለቤቱ የማያምንበትን መሐላ መማል የለበትም፤ የሞተ ሰው ስም አንሥቶ መማጸን የለበትም፤ ተቀናቃኝን መስደብ የለበትም። እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ጥፋት አላገኘሁበትም። ሲሰናበተኝ መረቀኝ፤ እኔም «አሜን» አልኩ።

* * *

የእትዬ ሰዓዳ ቤት ዳውዶ ዳገቱ ላይ ነው። ስደርስ ዘሃራ መስኮቱ ሥር ፍራሽ ላይ ተኝተዋል። ዓይናቸው ተከድኗል። እጃቸው ከብርድ ልብሱ ውጭ ነበር፤ እትዬ ሰዓዳ እያነጋገሩኝ መልሰው አስገቡት።

አቶ ኅሩይ ያሉትን በዝግታ አስረዳኋቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«እስኪ አሰሚኝ» አሉ።

እዚያ ባላሰማቸው ይሻል ነበር። ደጅ ወጥተን ቢሰሙት ይሻል ነበር። ግን ያን ጊዜ አልመጣልኝም። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ከፈትኩት።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። የዳውዶ ቅሬ፣ ሰዓዳ ነኝ። እህቴ ዘሃራ ይማም አርፋለች። ቀብሯ ዛሬ ከዐስር ሰላት በኋላ ነው። ይህ ጥሪ በእጩ ደርብ ካሳዬ ስም የተላለፈ ነው።»

ከፍራሹ በኩል ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ማን ሞተ?»

ዘሃራ ዓይናቸውን ገልጠዋል። እትዬ ሰዓዳ ፊታቸውን ወደ እኔ እንዳደረጉ፣ ዞር ሳይሉ መለሱ።

«ማንም አልሞተ። ምርጫ ነው።»

«ምርጫ ከሆነ ዝጊው» አሉ ዘሃራ፤ ዓይናቸውን መልሰው ከደኑ።

ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። እትዬ ሰዓዳ በሩ ድረስ ሸኙኝ።

«ለአለቃሽ እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ» አሉ። «ግን እህቴ በማንም ስም አትሞትም። በስሟ ነው የምትሞት።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«አንቺ የኔ ጠበቃ ብትሆኚ ምን ትመክሪኝ ነበር?»

መልሱን አውቀው ነበር። ነገ ጧት ምርጫ ችሎት ቀርበው «ያሰብኩት ሌላ፣ የተወሰደብኝ ሌላ» ይበሉ፤ ይኸው ነው። ከዚያ የሚረዝም አይደለም። ነገር ግን ተቃራኒውን ተከራካሪ ወገን የሚመክር ጠበቃ ፈቃዱን ያጣል።

«የእጩው ጠበቃ ነኝ፣ እትዬ» አልኩ።

«አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው ብትሆኚ ያልኩሽ።»

ቁልቁለቱን ስወርድ በሩ ሲዘጋ አልሰማሁም። ቆመው እያዩኝ መሰለኝ፤ ዞሬ ግን አላየሁም።

* * *

ምርጫው ሲቃረብ አንድ ጧት ቢሮ ስገባ ማስጠንቀቂያ ጠበቀኝ። በዳውዶ ሁለተኛ ድምፅ ተሰምቷል ይላል። ሰዓዳ ይማም በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ተናግረዋል። በመስመር ላይ አንድ የሆጤ ሰፈር ነዋሪን ስለ መንገዱ ሲያነጋግሩ፣ ዳገቱ ላይ ደግሞ ከደጃቸው ሆነው ሲጣሩ ድምፅ የሚመዘግበው የመንገድ ምሰሶ ሰምቷቸዋል።

አቶ ኅሩይም አይተውታል።

«ሂጂና አስቁሚያቸው» አሉኝ። «በደግ ቃል። ከቀጠሉ ሁለቱም ድምፅ ይሰረዛል፤ የእኛም፣ የእሳቸውም።»

«ዘሃራ አርፈው ይሆናል» አልኩ።

«ነፍስ ይማር» አሉ። ከልባቸው ነበር። «አስቁሚያቸው።»

እትዬ ሰዓዳን ያገኘኋቸው ከቤታቸው በላይ ካለው ዐለት ላይ ነው። ሻሻቸው ትከሻቸው ላይ ወድቋል።

«የዳውዶ ሰው!» ይላሉ። «ዘሃራ አርፋለች! ኑ አግዙኝ!»

ድምፃቸው ከጉሙ ውስጥ ወደ ታች ይወርድ ነበር። የሚያልቅ ድምፅ ነው፤ በየጥሪው መካከል ሲተነፍሱ ይሰማል። ከአጠገቤ ባለው ቤት አንድ ሰው መስኮቱን ከፍቶ ዐለቱን ተመለከተ። ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ።

«ደግሞ በውጭም ጀመሩት!» አለ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ ለሚስቱ መሰለኝ። መስኮቱን ዘጋው። ቀጥሎ የሌላው ቤት መስኮት ተዘጋ።

ግቢያቸው ውስጥ የነበሩት የግድግዳ ጎረቤቶች ብቻ ናቸው። ዘሃራ ታጥበው ተከፍነዋል። ቃሬዛው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ እስከ መቃብሩ ያለው ዳገት ደግሞ ረጅም ነው።

ወደ ዐለቱ ወጣሁ። እትዬ ሰዓዳ አዩኝና መጣራቱን አቆሙ።

«ልታስቆሚኝ ነው?»

«አዎ» አልኩ። «ይውረዱ እትዬ። አስከሬኑ ጋ ይሁኑ። እኔ እጠራለሁ።»

«አንቺ? ማን ያውቅሻል?»

«ማንም።»

እኔ በልጅነቴ እንግዳ ሲመጣ ከበር ጀርባ የምቆም ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁም ጥያቄ ሲኖረኝ ጽፌ ነበር የምሰጠው። ወደ መጀመሪያው ቤት ሄድኩ። በሩ ድምፄን ጠየቀኝ፤ ተናገርኩ፤ የማይታወቅ ድምፅ ነው አለኝ። በእጄ መታሁት። መልሼ መታሁት። መስኮቱን የዘጋው ሰውዬ በሩን ገርበብ አደረገው።

«ዘሃራ ይማም አርፈዋል» አልኩት። «ቀብሩ ከዐስር ሰላት በኋላ ነው።»

«በማን ስም ነው?»

እንደ ልማድ ነው የጠየቀው። ከጥሪ በኋላ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ነው።

«በማንም ስም አይደለም። ሞተው ነው።»

ዓይኑ ከፊቴ ወደ ደረቴ ወረደ። አንገቴ ላይ የዘመቻው መታወቂያ ከነአቶ ደርብ ፎቶ ተንጠልጥሏል።

«ይኼማ ማን ሆነና» አለ፤ በሩን ዘጋው።

መታወቂያውን አውልቄ ኪሴ ከተትኩና ወደሚቀጥለው ቤት ሄድኩ። እዚያ አንዲት ሴት ከፈተችልኝ። የምናገረውን ሰማች፤ እጄን አየች፤ በር ስመታበት ቆዳው ተልጦ ነበር። «ወይኔ ዘሃራ» ብላ ነጠላዋን ሳታነሣ ወጣች። ከእሷ በኋላ ቀለለ፤ እሷን ያውቋታል። እሷ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ወገን ሄድን። አንዳንዱ ቤት አልከፈተም። አንዳንዱ ከፍቶ ሬሳውን ሳላይ አላምንም አለ፤ መጥቶ ሲያይ አለቀሰ።

ዐስር ሰላት አለፈ። ጀናዛው የተነሣው ፀሐይ ልትጠልቅ፣ ለመግሪብ ሲቃረብ ነው። ዳውዶ ሰው ሲቀብር መንገዱ ይሞላል ይሉ ነበር። ያን ቀን የነበሩት ቃሬዛውን ለመሸከም የሚበቁ ወንዶች ናቸው፤ ትከሻ የሚያቀያይር አልነበረም። መጀመሪያ ያነሡት ናቸው እስከ ላይ ያደረሱት። እኛ ሴቶቹ ደጅ ቀረን። እትዬ ሰዓዳ ዳገቱን የሚወጡትን ከኋላ ይመለከቱ ነበር።

«ይኼው ነው?» አሉ።



* * *

በማግስቱ ሁለተኛው ድምፅ ምርጫ ችሎት ቀረበ። አቶ ኅሩይ እጩውን ወክለው ተናገሩ። የድምፁ ባለቤት ተነግሯት እያለ መናገሯን፣ ዘመቻው ግን በደግነት ሊረዳት መሞከሩን አስረዱ። ሁሉም እውነት ነበር። እትዬ ሰዓዳ ከኋላ ተቀምጠዋል። በችሎቱ በር ሊገቡ ሲሉ በር ያናገርኩላቸው እኔ ነኝ።

ዳኛዋ ቦታው ድረስ የሄድኩት እኔ መሆኔን ከመዝገቡ ስላዩ ያየሁትን እንድናገር አዘዙ።

ተነሣሁ። ድምፄ ስለማይሰማ ቀረብ እንድል ተነገረኝ፤ ቀረብኩ።

«እትዬ ሰዓዳ የሰጡት የምርጫ ድምፃቸውን ነው» አልኩ። «እኛ የወሰድነው የጉሮሯቸውን ነው። ቃሉ አንድ ስለሆነ አልለየንላቸውም። ቢሮዬ በመጡበት ቀን ይህን ነግረውኛል፤ እኔም ለኃላፊዬ ነግሬያለሁ።»

አቶ ኅሩይ አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጠረጉት።

«ትርሲት» አሉ ዝግ ብለው፣ «የማን ጠበቃ ነሽ?»

ዳኛዋ የእጩው ጠበቃ መሆኔን እንዲመዘገብ አዘዙ።

ችሎቱ የእትዬ ሰዓዳ ድምፅ በዚያው ቀን እንዲመለስ ወሰነ። በዚያው ቃል ድምፃቸውን የሰጡ የሌሎች ሰዎች ጉዳይ ከምርጫው በኋላ እንዲታይ ቀጠረ። የእኔ የጥብቅና ፈቃድ ታገደ። ምርጫው በቀኑ ተካሄደ፤ አቶ ደርብ ካሳዬ አሸነፉ። ውጤቱ ሲገለጽ ድምፆቹ ሁሉ ለባለቤቶቻቸው ተመለሱ፤ የተቀጠረው ጉዳይም የሚታይ ነገር የለውም ተብሎ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ የዳውዶ ቅሬ አባል የሆኑ አንድ ሽማግሌ አረፉ። እትዬ ሰዓዳ መስመሩን በራሳቸው ድምፅ ከፍተው ለእያንዳንዱ ቤት ደወሉ። «ሰዓዳ ነኝ» ሲሉ ብዙው ሰው ስልኩን ዘጋ። ጫማቸውን አድርገው ወጡና በየቤቱ በር ማንኳኳት ጀመሩ።